ዘይቱ የነጣበት ክረምት

ሰኞ 4

የካምቢዮው ዘይት ውስጥ ውሃ ገብቷል። ጠዋት መለኪያውን ዘንግ ስቤ ሳየው ቀዩ ዘይት ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። በጨርቅ ጠርጌ ደግሜ ነከርኩት፤ ያው ነው። የሞተሩን ዘይት አየሁ፤ እሱ ደህና ነው። የታመመው ካምቢዮው ብቻ ነው። ካምቢዮ ከሌለ ደግሞ ሞተሩ ቢጮህ ቢያጓራ ጀልባዋ ካለችበት አትነቃነቅም።

መንገደኛው ተሳፍሮ ስለነበር ለማንም ሳልናገር ተነሳሁ። ቀኑን ሙሉ እጄ መሪው ላይ፣ ጆሮዬ ከወለሉ በታች ነበር። ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

አባዬ እንደ ልማዱ ከሁላችንም ቀድሞ ጀልባዋ ላይ ነበር። እጅጌው እስከ ክርኑ ረጥቧል። "በሰላም አድራለች" አለኝ። ቁርስ ሳትቀምስ አትውጣ ብዬ ስንቴ ለምኜዋለሁ፤ ማን ሰምቶኝ።

ማክሰኞ 5

መካኒኩ መጣ። ወደቡ ላይ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም "ችግር የለም" ነው የሚለው። ሞተር ለሁለት ተሰንጥቆ ቢያይ እንኳ አፉ ላይ የምትመጣለት እሷ ናት። ዛሬም ዘንጉን ገና ሳያይ "ችግር የለም" አለ።

እንደሱ አባባል ጥፋቱ የዘይት ማቀዝቀዣው ነው። የሐይቁ ውሃ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል፣ ዘይቱ በዙሪያቸው ይዞራል፤ ከቱቦዎቹ አንዱ የመርፌ ጫፍ ታህል ከተበሳ ውሃው ዘይቱን ይቀላቀለዋል። ፈታው፤ ባልዲ ውስጥ ነክሮ አየር ነፋበት። አረፋ የለም። ገልብጦ ነፋ። አረፋ የለም። ሰውየው ሲያስብ ጉንጩን በምላሱ ይወጥራል፤ ዛሬ ጉንጩ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ውሃ የሚያግዱትን ጎሚኒዎች ቀይሮ፣ ካምቢዮውን አጥቦ፣ ወደ ሞተሩ ከሚያስወርደው ደረጃ በስተግራ ያለችውን ክዳን ከፍቶ አዲስ ዘይት ሞላ። ቀይ ሆኖ ሳየው እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

ማታ ታላቅ እህቴ ደወለች። እትዬ ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። "አባዬ እንዴት ነው? ጭንቅላቱን ማለቴ ነው።" ምድጃ ለኩሶ ረስቶት የወጣ ጊዜ፣ አንድ ነገር ከደገመ መጥቼ እወስደዋለሁ ብላለች። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቷ የሚታየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። ዕድሜውን ውሃ ላይ የጨረሰ ሰው እዚያ ተቀምጦ ምን ሊያይ?

"ካንቺም ከኔም ይሻላል" አልኳት።

ሐሙስ 7

ዘይቱ ደብዘዝ ብሏል። ወይ ዓይኔ ነው። ነርሷ ደርሳለች፣ ማዶ ክሊኒክ የምትሠራዋ፤ ካረፈደች በኔ ነው የምታመካኘው። ልነሳ።

ቅዳሜ 9

ነጭ። እንዲያውም መጠኑ ጨምሯል፤ ዘንጉ ላይ ካለው ምልክት በላይ ወጥቷል። ወለሉም ላይ ዘይት ፈሷል።

ደሜ ፈላ። መካኒኩን መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ጮህኩበት። አሮጌ ጎሚኒ አጥበህ አዲስ ነው ብለህ ገጠምክብኝ አልኩት። ሌባ አላልኩትም፤ ከዚያ በመለስ ግን ያልወጣኝ ነገር የለም።

"እኔን ነው?" አለ። መሣሪያውን ለቅሞ ሄደ።

ከሰዓት ተመልሶ መጣ። ነገ ጀልባዋን ወደ ደረቅ እንጎትት፣ የኋላውን ጎሚኒ እቀይረዋለሁ አለኝ። ዓይኔን ግን አላየኝም።

እሁድ 10

ስንጎትት፣ ስንፈታ፣ ስንገጥም ዋልን። ወገቤ የሰው አልመስል ብሎኛል።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር አለ። አባዬ መካኒኩ ጎን ቁጭ ብሎ ሳይጠየቅ መፍቻ ሲያቀብለው ዋለ። የቱን እንደሚፈልግ ከእጁ አኳኋን ነው የሚያውቀው። አንዴም አልተሳሳተ። መካኒኩ ወደኔ ዞሮ "እሳቸው እኮ እኔንም ያስተምራሉ" አለ፤ ከትናንት ወዲህ የተናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ለእትዬ ይህንኑ ቃል በቃል ነገርኳት። "ጥሩ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

አባዬ ላቡን እየጠረገ "ይቺ ትንሽ ነው የምትጠጣው፣ ቶሎ ትጠግባለች። አሮጌዋ ነበረች ጠጪ" አለ። ነዳጅ ማለቱ ነው። ሳቅን።

አሮጌዋን ሲያነሳ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። የአሮጌዋ ጀልባ ሞተር ውሃ በሰው እጅ ነበር የሚሞላለት። አባዬ ጎህ ሲቀድ ማንቆርቆሪያ ይዞ ይወርዳል፣ ከደረጃው በስተግራ ያለችውን የናስ ክዳን ይፈታል፣ እስክትሞላ ያጠጣታል። እኔ ክዳኗን መያዝ ነበር ሥራዬ። ብጥላት ሐይቅ ትገባለች ብሎ ስላስፈራራኝ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ነበር የምይዛት። ይቺኛዋ ውሃዋን ራሷ ከሐይቁ ትስባለች። ሰው አትፈልግም።

ማክሰኞ 12

ማንቆርቆሪያው ከቤት ጠፋ። ሻይ ላፈላ ብዬ ቤቱን አመሰቃቀልኩት። ከሰዓት ጀልባዋ ላይ፣ አግዳሚው ሥር አገኘሁት። አባዬ ፊቱን ሊታጠብበት ወስዶት ይሆናል። "የቤት ዕቃ ከቤት አይወጣም" ብዬ ተቆጣሁት። "ይቅርታ እናቴ" አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ። እንዲህ ሲል አልወድም። ተቆጥቶ ቢመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።

ነርሷ አጠገቡ ተቀምጣ ስትሄድ ቆይታ ስትወርድ "አባትሽ ዛሬ ሦስቴ የማን ልጅ ነሽ አሉኝ" አለችኝ። ጨዋታ ወዳድ ነው አልኳት።

ዓርብ 15

አባዬ ከረቡዕ ጀምሮ ጉንፋን ይዞት ተኝቷል። ሳሉ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። ዘይቱ ግን ንጹህ። የቀረ ውሃ እንዳይኖር ብለን ረቡዕ ማታ በአዲስ ቀየርነው፤ ትናንትም ንጹህ፣ ዛሬም ንጹህ። የኋላው ጎሚኒ ነበር ማለት ነው።

ሰኞ 18

ቀይ፣ ንጹህ። መካኒኩን ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሻይ ጋበዝኩት። ያው ነው ብዬ ነው። ያው አይደለም፣ አውቃለሁ።

አባዬ ተሻለው። ነገ ወደ ጀልባዋ ካልሄድኩ ብሏል። እሰየው።

ሐሙስ 21

ነጭ።

ያሰብኩት ነገር አለ። አልጽፈውም።

መካኒኩ ዘይቱን በጣቱ አሽቶ አሸተተው፣ ከዚያ ጨርቁን መሬት ጣለው። "ይሄ የሚያፈስ ነገር አይደለም" አለኝ። "የሚያፈስ ቢሆን ያን ሁሉ ቀን ንጹህ ባልቆየ ነበር። ሰው ነው የሚጨምርበት። ጠላት አለሽ?"

"የማዶው ባለጀልባ ነው" አልኩ፣ ሳላስብ። "መንገደኛዬን ሊወስድ።"

"ሌሊት ማን ይጠብቃታል?"

"አባዬ ጎህ ሳይቀድ ይደርሳል።"

አየኝ። ጉንጩን በምላሱ ወጠረ። እኔም ገመድ የማስተካክል መስዬ ዞርኩ።

ሲመሽ ትልቅ ቁልፍ ገዝቼ ወደ ሞተሩ የሚያስወርደውን በር ቆለፍኩት። ለማዶው ሰው ነው የቆለፍኩት።

ዓርብ 22

ስደርስ አባዬ በሩ ላይ በርከክ ብሎ ቁልፉን በጥፍሩ ይቧጥጠዋል። ጣቱ ደምቷል። "ማን ቆለፈባት? ትቃጠላለች እኮ" ይላል። ላቡ ይንቆረቆራል። መንገደኞቹ ቆመው ያያሉ። አንዱ ከኋላ "አባ መልህቅም እንዲህ ሆኑ?" ሲል ሰማሁት። አባ መልህቅ የሚሉት ድሮ ማዕበል ላይ መልህቅ ሲጥል አይስትም ስለሚባል ነው። እንዲህ ሆኑ ማለት ምን ማለት ነው? ምንም አልሆነም።

ወደ ቤት መለስኩት። መንገዱን ሙሉ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ከዚህ በፊት ያየሁት እናቴን ስንቀብር ነው።

እሁድ 24

ሁለት ቀን አልበላም። ከግድግዳው ጋር ነው የሚያወራው። እትዬ ስትደውል ተኝቷል አልኳት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ መዋሸቱን ለምጄዋለሁ።

ማታ የቁልፉን መክፈቻ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። ለምን እንዳደረግኩት እዚህም አልጽፍም። አንድ ጎድጓዳ ሙሉ ሾርባ ጠጣ።

ዘይቱን በየማታው እለውጠዋለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ጠዋት ቢነጣ ማታ አቀላዋለሁ። ካምቢዮው እስከ ክረምቱ መውጫ ቢችልልኝ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ አያለሁ።

ረቡዕ 27

እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ መሀል ካምቢዮው ለቀቀ። ነፋስ ነበር። ማርሽ አስገባሁ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ጀልባዋ ዝም። ወደኋላ አስገባሁ፤ ዝም። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ነፋሱ ወደ ድንጋዮቹ ይገፋን ጀመር። መንገደኛው ተነስቶ ቆመ፤ ነርሷ ሕፃን የታቀፈች ሴት ክንድ ላይ ተጠመጠመች። ነርሷ ዋና አትችልም። ሁልጊዜ መሀል ላይ የምትቀመጠው ለዚያ ነው።

እኔ መሪውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ይህን ያህል ዓመት ነድቼ የማደርገው ጠፋኝ። አባዬ ነው የተነሳው። "ቁጭ በሉ፣ ሁላችሁም ቁጭ" አለ፤ የድሮ ድምፁ ነበር። መልህቁን አንስቶ ነፋሱን በጉንጩ አየና ጣለው። ገመዱን ለቀቀ፣ ለቀቀ፣ ያዘ። ጀልባዋ አንዴ ተንገጫግጫ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች፣ ቆመች። ሰው አጨበጨበ። ነርሷ እጁን ሳመችው። አንዱ "እሳቸው ባይኖሩ አልቀን ነበር" አለ።

እኔም እንዲህ ብዬ እዚህ ልጽፍና ልዘጋ ነበር።

ሌላ ጀልባ መጥቶ እስኪጎትተን ስንጠብቅ አባዬ ከአግዳሚው ሥር ማንቆርቆሪያውን አወጣ። ከሐይቁ ቀዳ፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ራሰ። በደረጃው ወረደ። ተከተልኩት። በስተግራ ያለችውን የካምቢዮ ክዳን ፈታ። እጁ ቦታዋን በጨለማም ያውቃታል፤ የአሮጌዋም እዚያው ነበረች።

"ጠምቷት ነው የቆመችው" አለኝ። "ክዳኗን ያዢልኝ።"

ያዝኩለት። በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ያዝኳት። እሱ በቀስታ አጠጣት። ተርፎ በወለሉ ላይ ሲፈስ ነጭ ነበር።

ሐሙስ 28

መካኒኩ ካምቢዮውን ከፈተው። ውስጡ ያሉት የፍሪሲዮን ሸክላዎች ተቃጥለው ተጣብቀዋል፤ የማይጠገን ነው። መፍቻውን ሳጥኑ ውስጥ መለሰ። "ችግር የለም" አላለም።

ነገርኩት። ማንቆርቆሪያውን፣ ክዳኑን፣ ኪሱ ውስጥ የከተትኩትን መክፈቻ። አባቴን እንደሚያውቅ ሰው ያዝንልኛል ብዬ ነበር። አላዘነልኝም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ትናንት።"

"እውነቱን።"

"ጉንፋን ከያዘው ጊዜ ጀምሮ። ወይ ከዚያም በፊት። እንጃ።"

"እኔ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ስንት ቀን ዋልኩ" አለ። "አመድ አፋሽ አደረግሽኝ። እሱስ ይሁን። የወደቡ ሰው ሁሉ አሮጌ ጎሚኒ የሚገጥም ይለኛል። ከማዶ ሥራ ሊሰጡኝ የነበሩት ትተውኛል። ትናንት ደግሞ ሰው ሊያልቅ ነበር፣ ያም በኔ ነው የሚባለው። አባትሽን እወዳቸዋለሁ። ለማንም አልናገርባቸውም። ግን እኔ ስሜ ጠፍቶ ልቅር?"

ጨርቁን አንስቼ እጄን ጠረግኩ። የሱን ስም ባነሳ የአባዬ ይወድቃል። የአባዬን ባቆም የሱ እንደወደቀ ይቀራል። እትዬ ደግሞ ከወደቡ ሰው ሁሉ ጋር ትደዋወላለች።

ቅዳሜ 30

ተናገርኩ። መንገደኛው የጎረቤት ጀልባ ሲጠብቅ ድንጋይ ላይ ቆሜ "ጥፋቱ የመካኒኩ አይደለም" አልኩ። "ውሃውን የጨመረው አባቴ ነው፤ የድሮዋ ጀልባ መስላው። እያወቅኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።" ነርሷ ዓይኗን ከኔ አነሳች። አንድ ሰው እንኳ ቢሰድበኝ በወደድኩ። ሰዉ ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ።

መካኒኩ ዳር ቆሞ ነበር። አንገቱን ነቀነቀና ሄደ።

ከሰው አፍ ሳትሰማው ብዬ ለእትዬ ደወልኩ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። "ሐሙስ እመጣለሁ" አለች። ጠብቄ የነበረው ጭቅጭቅ ነው፤ ጭቅጭቁ ቢኖር የምይዘው ነገር ነበረኝ።

ሐሙስ 5፣ አዲሱ ወር

እትዬ መጣች። ልታሸንፈኝ የመጣች መስሎኝ ነበር። ወደቡ ላይ አባዬ አቅፏት "የማን ልጅ ነሽ?" ሲላት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሁለታችንም አንድ ገመድ ጥቅል ላይ ተቀምጠን አለቀስን።

"አንቺ ጋ ይቆይ ብል" አለችኝ፣ "ቀን ቀን ማን ያየዋል? አንቺ ውሃ ላይ ነሽ።"

ጀልባ አልነዳም ልላት አፌን ከፈትኩ። ከመንዳት ሌላ የምችለው የለም። ዘጋሁት።

ዓርብ 6

ሄደ። ለጥቂት ቀን መስሎታል፤ ልብሱን እንኳ በፌስታል ነው የያዘው። መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን አስወርዶ ጠራኝ። "ጠዋት ጠዋት ውሃዋን እንዳትረሺ። እኔ እስክመለስ ብቻ ነው።"

"አልረሳም አባዬ።"

ማንቆርቆሪያውን አግዳሚው ሥር ትቶልኛል።

ሰኞ 16

መካኒኩ ከአንድ ከቆመች ጀልባ ላይ ካምቢዮ ፈትቶ አመጣ። ሲገጥም አጠገቡ ቁጭ ብዬ መፍቻ አቀበልኩት። ሁለቴ ተሳሳትኩ። "ችግር የለም" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትወጣው የመጀመሪያዋ ናት።

ዓርብ 20

ዘይቱ ቀይ ነው። ትናንትም ቀይ ነበር። በየጠዋቱ ዘንጉን ስስብ የምመኘውን ለሰው ባወራው ያበደች ይሉኛል። ነጭ ሆኖ ባገኘው። አንድ ጠዋት ብቻ ነጭ ሆኖ ባገኘው።

ማክሰኞ 24

እትዬ በጠዋቱ ደወለች። ገና ጨለማ ነበር፤ መንገደኛው መሰብሰብ ጀምሯል። "ካላናገርኳት አልበላም ብሎኛል" አለች። ድምፅዋ ደክሟል። ሌሊት ሌሊት እየተነሳ የፎቁን ደረጃ በስተግራ በኩል በእጁ ይዳብሳል አለችኝ።

ስልኩን ሰጠችው። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"ሰጠሻት?"

"ሰጠኋት አባዬ።"

"ክዳኗን ማን ያዘልሽ?"

ዘንጉ እጄ ላይ ነበር፤ ዘይቱ ቀይ፣ ንጹህ።

"እኔው ያዝኳት" አልኩት።

"ጠገበች?"

"ጠገበች።"

"እንግዲያው ተነሺ" አለኝ፤ "ሰው ቆሞ ይጠብቃል።" ስልኩንም ለእትዬ መለሰላት።